ዲትሮይት ከምን ዳነች? የአሜሪካ መኪና አምራቾችና የ2008ቱ ድቀት ፖሊሲ

በ2008 መጨረሻና በ2009 የአሜሪካ መንግሥት 80 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመኪናው ኢንዱስትሪ አውጥቶ ጄኔራል ሞተርስንና ክራይስለርን ከመፍረስ አትርፏል (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግምጃ ቤቱ በ2014 ዲሴምበር ሒሳቡን ሲዘጋ የተመለሰለት 70.5 ቢሊዮን ያህል ነበር፤ ከ9 ቢሊዮን የሚበልጠው እንደወጣ ቀርቷል። በቁጥሩ ላይ ያን ያህል ጠብ የለም፤ ጠቡ ቁጥሩ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው። አንዱ ወገን ገንዘቡን በድቀት መሐል ሊደርስ የነበረን ጥፋት የገታ ርካሽ መድን አድርጎ ያየዋል። ሌላው ደግሞ የኩባንያዎችን ጥፋት በግብር ከፋዩ ጫንቃ ላይ የጫነ፣ የኪሳራ ሕግንም ያጎበጠ ውሳኔ ነው ይላል። “ድጎማው ሠርቷል ወይስ አልሠራም?” የሚለው ጥያቄ እንደ አንድ ጥያቄ ይነሣ እንጂ በውስጡ ብዙ ጥያቄዎች ታጭቀዋል፤ ለአንዱ መልስ የሚሆነው ማስረጃ ለሌላው አይሆንም። ክርክሩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎትም ያልበረደው ጥያቄዎቹ ስለተደባለቁ ይመስለኛል።

በሽታው ከድቀቱ ይቀድማል

ጄኔራል ሞተርስ በ1908 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በፍሊንት ከተማ ተመሠረተ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የመራው አልፍሬድ ስሎን የዘረጋው አሠራር ለእያንዳንዱ አቅም የሚስማማ ስም ማዘጋጀት ነበር። ወጣቱ ደመወዝተኛ በሸቭሮሌት ይጀምራል፤ ኑሮው ሲሻሻል ወደ ፖንቲያክ፣ ከዚያም ወደ ኦልድስሞቢልና ወደ ቢዩክ ያልፋል፤ ሲደላው ካዲላክ ይገዛል። ስሞቹ በዋጋም በባሕርይም ተለያይተው እስከቆዩ ድረስ አሠራሩ ሰምሯል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ግማሽ ያህሉ የዚህ አንድ ኩባንያ ነበሩ።

ቆይቶ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል አንዱ አካል ለብዙ ስሞች መዋል ጀመረ። የፊት ገጽታውና መብራቱ ተቀይሮ ያው መኪና ፖንቲያክም ቢዩክም እየተባለ ሲሸጥ ገዢው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚያልፍበት ምክንያት አጣ። በ2008 የኩባንያው የገበያ ድርሻ ወደ 22 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በአሜሪካ የሚሸጥባቸው ስሞች ግን ገና ስምንት ነበሩ፤ ሸቭሮሌት፣ ቢዩክ፣ ካዲላክ፣ ጂኤምሲ፣ ፖንቲያክ፣ ሳተርን፣ ሃመርና ሳብ። ቶዮታ በዚያው አገር የሚሸጠው በሦስት ስም ብቻ ነበር። ብዙ ተቺዎች ይህን የአለቆቹ ግትርነት አድርገው ያዩታል፤ በከፊል ልክ ናቸው። ነገር ግን በየክፍለ ግዛቱ ያሉት ሕጎች ሻጭ ወኪሎችን አጥብቀው ስለሚጠብቁ አንድን ስም መዝጋት ራሱን የቻለ ትልቅ ወጪ ነበር። ኦልድስሞቢል በ2004 ሲዘጋ ለወኪሎች የተከፈለው ካሳ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ አክሳሪ ስሞችን ይዞ የሚጓዘው መዝጊያውን መክፈል ስለማይችልም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ሸክም የጡረተኛው ነበር። በ1950 ዋልተር ሩተር ይመራው የነበረው የመኪና ሠራተኞች ማኅበርና ጄኔራል ሞተርስ “የዲትሮይት ውል” ተብሎ የተጠራውን ስምምነት ፈረሙ። ሠራተኛው ለአምስት ዓመት የኢንዱስትሪ ሰላም ሰጠ፤ በምትኩ የጡረታና የሕክምና ዋስትናን ከኩባንያው አገኘ። ብዙዎቹ የበለጸጉ አገሮች በመንግሥት በኩል ያደራጁትን ዋስትና አሜሪካ በፋብሪካ በኩል አደራጀችው። ሽያጩ እያደገ ሳለ ይህ አልከበደም። ፋብሪካዎቹ ሲጠቡና ጡረተኛው ከሠራተኛው በቁጥር ሲበልጥ ግን እያንዳንዱ መኪና ከመስመሩ የሚወጣው የቀድሞ ሠራተኞችን ሕክምና ተሸክሞ ሆነ።

በ2008 ክርክር “የዲትሮይት ሠራተኛ በሰዓት ከ70 ዶላር በላይ ያገኛል” የሚል ቁጥር ከአፍ አፍ ይዞር ነበር። ቁጥሩ የፈጠራ አይደለም፤ ግን የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ነባሩ ሠራተኛ በሰዓት የሚያገኘው መነሻ ደመወዝ 28 ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ላይ የትርፍ ሰዓቱ፣ የዕረፍቱና የሕክምና መድኑ ተደመረ፤ ከዚያም ለጡረተኞች የሚከፈለው ሁሉ ዛሬ በሥራ ላይ ላሉት ሰዓታት ተካፈለ። ያለፈ ዘመን ዕዳ የዛሬ ደመወዝ መስሎ ታየ። ደመወዝ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ደመወዝ መቀነስ ይሆን ነበር፤ ዕዳ ከሆነ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ዕዳውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የፖሊሲው የራሱ እጅ ነው። አሜሪካ ከአውሮፓ ጋር በዶሮ ሥጋ ንግድ ተጣልታ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የጣለችው 25 በመቶ ቀረጥ ሳይነሣ ቀረ። በ1975 የወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ደግሞ ለቤት መኪናና ለቀላል የጭነት መኪና የተለያየ መለኪያ እንዲኖር በር ከፈተ፤ የጭነቱ ላላ ያለ ነበር። ሦስቱ ኩባንያዎች፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር፣ ትርፋቸውን በፒክአፕና በኤስዩቪ ላይ የከመሩት ከውጭ ውድድር የተጠለለው፣ መለኪያውም የቀለለው ያ ገበያ ስለነበረ ነው። በ2008 ክረምት አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ4 ዶላር ሲያልፍ የተመታው ይኸው መጠለያ ሆነ።

ከዚያ በፊት የተሞከሩት ሁለቱ

በጃንዋሪ 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር ለክራይስለር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና የሚሰጠውን ሕግ ፈረሙ። በሊ አያኮካ የሚመራው ኩባንያ በዋስትናው የተበደረውን በ1983፣ ከቀነ ገደቡ ሰባት ዓመት ቀድሞ ከፈለ፤ ግምጃ ቤቱም ከያዘው የአክሲዮን መግዣ መብት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። የድጎማ ደጋፊዎች ይህን ደጋግመው ይጠቅሳሉ። ንጽጽሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1980 መንግሥት ዋስ ሆነ እንጂ ገንዘብ አላወጣም፤ የብድር ገበያውም ክፍት ነበር። በ2008 ዋስ ቢኖር እንኳ የሚያበድር አልነበረም።

ሁለተኛው ሙከራ የ1981ዱ ኮታ ነው። ጃፓን በዋሽንግተን ግፊት ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና በዓመት ወደ 1.68 ሚሊዮን ለመገደብ ተስማማች። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ሮበርት ፊንስትራ እንዳሳየው ጃፓኖቹ በቁጥር ሲገደቡ በያንዳንዱ መኪና የበለጠ ለማትረፍ ጥራቱንና ዋጋውን ከፍ አደረጉ። ገዢው በውድ ገዛ፤ ዲትሮይትም ዋጋ ጨመረች። ኮታው የጃፓንን ፋብሪካዎች ወደ አሜሪካ አመጣ የሚለው የተለመደ አባባል ግን ግማሽ እውነት ነው። የሆንዳ የሜሪስቪል ኦሃዮ ፋብሪካም ሆነ የኒሳን የስመርና ቴነሲ ፋብሪካ የተወሰኑት ከኮታው በፊት ነው። ኮታው ያፋጠነው ከነሱ በኋላ የመጡትን ነው። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ ፖለቲካዊም ሆነ፤ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከዲትሮይት ማኅበር ውጭ የሆነ ሁለተኛ የአሜሪካ መኪና ኢንዱስትሪ በቀለ። በ2008 ድጎማውን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የአላባማው ሴናተር ሪቻርድ ሼልቢና የቴነሲው ቦብ ኮርከር መኖራቸው የርዕዮተ ዓለም ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ብድሩ ሲደርቅ

በ2007 በአሜሪካ ከ16 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ መኪኖች ተሸጠዋል። በ2008 ወደ 13.2 ሚሊዮን፣ በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን ወረደ። ስለ ብራንድ ድክመት የሚያወራ ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር መታገል አለበት፤ በዚህ ወቅት የወደቀው የዲትሮይት ሽያጭ ብቻ አልነበረም፣ ቶዮታም ከስሯል። ቤንሜሌክ፣ ማይዘንዛልና ራምቻራን በ2017 ያሳተሙት ጥናት የውድቀቱን አንድ ትልቅ ምክንያት ለይቶ አውጥቷል። የጄኔራል ሞተርስ የብድር ክንፍ እንደነበረው ጂኤማክ ያሉት የመኪና አበዳሪዎች የሚያበድሩትን የሚያገኙት ከአጭር ጊዜ የገንዘብ ገበያ ነበር፤ ገበያው ሲሸበር ምንጩ ደረቀ። አጥኚዎቹ በነዚህ አበዳሪዎች ላይ የበለጠ የተመኩ አካባቢዎችን ካልተመኩት ጋር አነጻጽረው ከሽያጩ ቅናሽ ሲሶ ያህሉ በዚህ የብድር ድርቀት የመጣ እንደሆነ ገምተዋል።

በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ክርክር የላቀው ማስረጃ ይህ ነው፤ መክሰርንና ገንዘብ ማጣትን ይለያልና። ጄኔራል ሞተርስ ከድቀቱ በፊትም በቢሊዮን ዶላር እየከሰረ ነበር። በ2008 መጨረሻ ወደ መዘጋት አፋፍ ያደረሰው ግን የብድር ገበያው መታነቅ ነው። ለመጀመሪያው ችግር መፍትሔው ማሳነስና ዕዳን መሰረዝ ነው፤ ለሁለተኛው ብድር ማቅረብ። የ2009ኙ እርምጃ ሁለቱንም በአንድ ላይ ስለሞከረ እስከ ዛሬ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል።

ክስተቶቹ በፍጥነት ተከታተሉ። በኖቬምበር 2008 የጄኔራል ሞተርሱ ሪክ ዋገነር፣ የፎርዱ አለን ሙላሊና የክራይስለሩ ሮበርት ናርዴሊ በግል ጄት ዋሽንግተን ደርሰው 25 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ተወቅሰው ተመለሱ። በዲሴምበር በመኪና መጥተው 34 ቢሊዮን ጠየቁ። የተወካዮች ምክር ቤት የ14 ቢሊዮን የብድር ረቂቅ 237 ለ170 ሲያሳልፍ ሴኔቱ አቆመው። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ቡሽ ለባንኮች መታደጊያ ከተፈቀደው ገንዘብ 17.4 ቢሊዮን እንዲሰጥ በዲሴምበር 19 ወሰኑ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ፋይናንስ ተቋማት ነው፤ መኪና ፋብሪካ በዚያ ስም ሊጠራ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በጥድፊያው ታልፏል።

ባይደጎሙስ ኖሮ?

ሪፐብሊካኑ ፖለቲከኛ ሚት ሮምኒ በኖቬምበር 2008 ለኒውዮርክ ታይምስ በጻፉት ጽሑፍ ኩባንያዎቹ በኪሳራ ሕግ በኩል እንዲያልፉ ጠየቁ። የሚገርመው ፕሬዚዳንት ኦባማም በመጨረሻ የመረጡት መንገድ የኪሳራ ፍርድ ቤት መሆኑ ነው። ክራይስለር በኤፕሪል 30፣ 2009 ገብቶ በ42 ቀን፣ ጄኔራል ሞተርስ በጁን 1 ገብቶ በ40 ቀን ወጣ። ስለዚህ ልዩነቱ “ይክሰሩ ወይስ ይደጎሙ” የሚል አይደለም። በኪሳራ ላይ ያለ ኩባንያ በሒደቱ ውስጥ ደመወዝ የሚከፍልበት፣ ብረት የሚገዛበት ብድር ያስፈልገዋል፤ ያን ማን ያቅርብ? በደኅና ጊዜ ባንኮች ያቀርባሉ። በ2009 መጀመሪያ በዐሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ብድር ለዚህ የሚያወጣ የግል አበዳሪ አልነበረም። የመደበኛው ኪሳራ አማራጭ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ተቃዋሚዎችም አጥጋቢ መልስ ሲሰጡበት አላየሁም።

በሌላ በኩል የደጋፊዎቹም ቁጥር መመርመር አለበት። በሚሺጋን የሚገኘው የመኪና ጥናት ማዕከል በኖቬምበር 2008 ሦስቱም ሥራ ካቆሙ በመጀመሪያው ዓመት 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የሥራ ቦታ ይጠፋል ብሎ ገምቶ ነበር። ቁጥሩ የሚቆመው ሁሉም ባንዴ እንደሚቆሙ፣ ገዢውም ወደ ሌላ አምራች እንደማይዞር በማሰብ ነው። ለዚህ ስሌት ትልቁ ድጋፍ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ለራሱ ድጎማውን ያልወሰደው ፎርድ ተፎካካሪዎቹ እንዲረዱ መሰከረ። መቀመጫውን፣ ሽቦውን፣ ፍሬኑን የሚያቀርቡለት ፋብሪካዎች ለጄኔራል ሞተርስም ያቀርባሉ፤ እነሱ ከተዘጉ የፎርድ መስመርም ይቆማል። በደቡብ ያሉት የጃፓን ፋብሪካዎችም ከነዚሁ አቅራቢዎች ይገዙ ነበር።

ይህ መከራከሪያ ለጄኔራል ሞተርስ ይሠራል፤ ለክራይስለር ግን ይሳሳል። በስቲቨን ራትነር በሚመራው የኦባማ ግብረ ኃይል ዙሪያ በነበረው ክርክር የኢኮኖሚ ባለሙያው ኦስተን ጉልስቢ ክራይስለር ቢዘጋ ገዢዎቹ ወደ ፎርድና ወደ ጄኔራል ሞተርስ ስለሚሄዱ የሚጠፋው ሥራ ከሚገመተው ያንሳል ሲል ተከራክሮ ነበር። ክራይስለር የተረፈው ፊያት ሊረከበው ስለተስማማና ሌላ ድንጋጤ ለመጨመር የደፈረ ስላልነበረ ነው። ጉልስቢ ራሱ ከአለን ክሩገር ጋር በ2015 በጻፈው ግምገማ ማገገሙ ከተጠበቀው በላይ መሆኑን መስክሯል። ሁለቱም በዚያን ጊዜ መንግሥት ውስጥ የነበሩ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። የክራይስለር ማገገም ግን ያን ጊዜ የተነሣውን ጥያቄ አይዘጋም፤ የኩባንያ መትረፍና የጠቅላላው የሥራ ቁጥር መጨመር የተለያዩ ናቸው።

ጉዳቱን ማን ተሸከመ?

ክርክሩ የሚመረው እዚህ ነው። የክራይስለር ቀዳሚ መያዣ ያላቸው አበዳሪዎች ለ6.9 ቢሊዮን ዶላር ብድራቸው 2 ቢሊዮን፣ ማለትም ከያንዳንዱ ዶላር 29 ሳንቲም ተቀበሉ። መያዣ የሌለው የጡረተኞች የሕክምና ፈንድ ደግሞ የ4.6 ቢሊዮን የዕዳ ሰነድና በአዲሱ ኩባንያ ውስጥ 55 በመቶ ድርሻ ተመደበለት። የኢንዲያና የፖሊስና የመምህራን ጡረታ ፈንዶች ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ብለው ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 9፣ 2009 የክራይስለር ንብረት ለአዲሱ ኩባንያ የሚተላለፍበትን ሽያጭ ለማገድ ፈቃደኛ አልሆነም። የሕግ ምሁራኑ ማርክ ሮና ዴቪድ ስኪል “ሽያጭ” የተባለው በእውነቱ ማን ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ የወሰነ ድልድል እንደነበር ጽፈዋል። ስቲቨን ላበን ደግሞ የኪሳራ ሽያጭ ከዚያ በፊትም የተለመደ መሆኑን፣ ገዢም የሚያስፈልገውን ወገን መርጦ ሊከፍል እንደሚችል ተከራክሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2009 የታችኛውን ፍርድ ከመዝገብ ስላሰረዘው ክርክሩ በሕግ ደረጃ እልባት ሳያገኝ ቀረ።

በጄኔራል ሞተርስ ዘንድ የአሜሪካ መንግሥት 60.8 በመቶ፣ ካናዳ 11.7፣ የጡረተኞቹ ፈንድ 17.5 ሲይዙ 27 ቢሊዮን ዶላር ያበደሩት የቦንድ ባለቤቶች 10 በመቶ ደረሳቸው። የሄሪቴጅ ፋውንዴሽኑ ጄምስ ሸርክና የሕግ ምሁሩ ቶድ ዚዊኪ በ2012 ለማኅበሩ የተደረገው አድልዎ 26.5 ቢሊዮን እንደሚያወጣ አሰሉ፤ ያ ባይሆን መንግሥት ባልከሰረ ነበር አሉ። የስሌታቸው ደካማ ጎን የማኅበሩን ፈቃድ ዋጋ ዜሮ ማድረጉ ነው። ሠራተኛ ያለ ስምምነት መስመሩን አያንቀሳቅስም፤ ቦንድ ገዢ ግን ለነገው ምርት አያስፈልግም። የሸርክንና የዚዊኪን ጥያቄ በቀላሉ እንዳንገፋው የሚያደርግ አንድ ጉዳይ ግን አለ። ቀድሞ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው አቅራቢ የዴልፋይ ጡረታ ሲቋረጥ የማኅበር አባላቱ ጉድለት በጄኔራል ሞተርስ ተሟላ፤ የቢሮ ሠራተኞቹ ጡረታ ግን ተቆርጦ ቀረ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሠሩ ሰዎችን እንዲህ የለያየው የመደራደር አቅም ነው።

ማኅበሩም በነፃ አልወጣም። አዲስ ተቀጣሪ በሰዓት 14 ዶላር ገደማ፣ የነባሩን ግማሽ፣ እያገኘ አብሮ የሚሠራበት ሁለት ደረጃ ያለው ደመወዝ በ2007 ውል ተጀምሮ ከድጎማው በኋላ ሰፋ። በ2023 የማኅበሩ መሪ ሾን ፌን የመራው፣ ሦስቱንም ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ የመታው አድማ ከዋና ቁጣዎቹ አንዱ ይህ ነበር። ከተጎዱት መካከል ክራይስለር በአንድ ቀን ስማቸውን የሰረዛቸው 789 ሻጭ ወኪሎችም ነበሩ። ከሁሉ ከባዱ ግን በኋላ የመጣው ነው። በ2014 ጄኔራል ሞተርስ ቁልፍ ማስነሻው በጉዞ ላይ ሞተር የሚያጠፋና የአየር ከረጢቱን የሚያሰናክል ጉድለት ያለባቸውን 2.6 ሚሊዮን መኪኖች ጠራ፤ በጉድለቱ 124 ሰዎች መሞታቸው ተረጋገጠ። አዲሱ ኩባንያ የአሮጌውን ጥፋት አልሸከምም ብሎ በኪሳራው ሽያጭ ተከለለ። የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ከለላ በ2016 አጥብቦታል። በ40 ቀን የተጠናቀቀው ኪሳራ ሲወደስ እነዚህ ቤተሰቦች ስማቸው በማንኛውም የሒሳብ ሠንጠረዥ አልነበረም።

አሮጌ መኪና በገንዘብ

በ2009 ክረምት የተሞከረው ሌላው እርምጃ ለገዢው የተሰጠ ማነቃቂያ ነው። ነዳጅ የምትበላ አሮጌ መኪናውን አስረክቦ ቆጣቢ አዲስ ለሚገዛ እስከ 4,500 ዶላር ይሰጠዋል። አሮጌዋ ወደ መንገድ እንዳትመለስ ሻጩ ዘይቷን አፍስሶ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የተባለ ውህድ ይሞላል፤ ከዚያ ሞተሩን ያስነሳና ነዳጅ ይሰጠዋል። ውህዱ ሲግል ውኃው ተኖ ብርጭቆ መሰል ነገር በሞተሩ ውስጥ ይጋገራል፤ በጥቂት ደቂቃ ሞተሩ ነክሶ ይቀራል። የተመደበው 1 ቢሊዮን ቶሎ ስላለቀ ምክር ቤቱ 2 ቢሊዮን ጨመረ፤ ፕሮግራሙ በኦገስት 24 ሲዘጋ 680,000 የሚጠጉ መኪኖች ተለውጠዋል።

አቲፍ ሚያንና አሚር ሱፊ አሮጌ መኪና የበዛባቸውን ከተሞች ካልበዛባቸው ጋር አነጻጽረው በሁለቱ ወራት 370,000 ያህል ተጨማሪ ሽያጭ አገኙ፤ ነገር ግን እስከ 2010 ማርች ድረስ ጭማሪው ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተካካሰ። ገዢው ሊገዛ ያሰበውን አስቀደመ እንጂ አልጨመረም። ሆክስትራ፣ ፑለርና ዌስት የቴክሳስን መረጃ መርምረው ከዚህ የባሰ ነገር አሳይተዋል። ሕጉ ቆጣቢ መኪና ስለጠየቀ ሰዎች አነስተኛና ርካሽ መኪና መረጡ፤ በመኪና ላይ የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ እንዲያውም ቀነሰ። ሻጮች በብዛት የተረከቡት ፎርድ ኤክስፕሎረርን፣ በብዛት የሸጡት ቶዮታ ኮሮላን ነው። አየርን ማጽዳትና ፋብሪካን ማነቃቃት በአንድ ሕግ ሲታሰሩ አንዱ ሌላውን ሊጎትት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ብራንዶቹስ?

ፖንቲያክ ተዘጋ። ሳተርንና ሃመር ገዢ አጥተው ቀሩ፤ ሳብ ተሸጠ፤ ፎርድም መርኩሪን አቆመ። ቢዩክን ያተረፈው በቻይና የነበረው ተወዳጅነት ነው። ወኪሎችን ከባድ ካሳ ሳይከፍሉ ማሰናበት፣ ስምንቱን ስም ወደ አራት ማውረድ በፍርድ ቤት በኩል ብቻ የሚቻል ነበር፤ በዚህ ረገድ ኪሳራው ለዓመታት ያልተደፈረውን ሠርቷል። ፎርድ ይህን መንገድ ያልተከተለው በ2006 መጨረሻ፣ ገበያው ሳይዘጋ፣ ሰማያዊ ዓርማውን ሳይቀር አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለተበደረ ነው። ብልሃት ነበር ወይስ ዕድል? ቀውሱ ከዚያ ብድር በፊት ቢመጣ ኖሮ ፎርድም ከሁለቱ ጋር ይቆም ነበር።

በተመረቱት መኪኖች በኩል ግን ለውጡ ያንሳል። ቤንዚን ሲረክስ ሦስቱም ወደ ፒክአፕና ኤስዩቪ ተመለሱ። ፎርድ በ2018 ከመስታንግ በቀር የቤት መኪናዎችን ከሰሜን አሜሪካ ለማስወጣት ወሰነ፤ ጄኔራል ሞተርስ በ2019 የሎርድስታውን ኦሃዮ ፋብሪካውን አቆመ። ክራይስለር ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ በኔዘርላንድስ ባለው ስቴላንቲስ ሥር ነው፤ “የአሜሪካ ብራንድ” ማለት ምን እንደሆነም ጥያቄ ሆኗል። የ1964ቱ ቀረጥ አሁንም አለ። በ2025 ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ሁሉ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ሲጣል ከሜክሲኮና ከደቡብ ኮሪያ በብዛት የሚያስገባው ጄኔራል ሞተርስ የዓመቱን ጉዳት ከ4 እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ገምቶ ነበር።

በሕግ በኩል የቀረው ክፍተት ይበልጥ ያሳስባል። ቡሽና ኦባማ የተጠቀሙበት ሥልጣን በ2010 አብቅቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ የሚወድቁ ግዙፍ የፋይናንስ ተቋማት በሥርዓት የሚዘጉበትን መንገድ ዘርግቷል። የብድር ገበያው በተዘጋበት ወቅት የሚወድቅ ግዙፍ አምራች የኪሳራ ማስኬጃ ብድሩን ከየት እንደሚያገኝ፣ ካገኘም ጉዳቱ በአበዳሪ፣ በሠራተኛ፣ በጡረተኛና በተጎጂ መካከል በምን ደንብ እንደሚከፈል የሚወስን ሕግ ግን እስከ ዛሬ የለም።